ለአንድ ተማሪ በቀን ስሙኒ

(ይህ ጽሑፍ የተማሪ ወላጆች በተሰባሰቡበት መድረክ ላይ በንግግር ያቀረብኩት ነው። ለጋዜጣ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ።)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንዲሁም "ይሄ ደግሞ ምን ሊቀባጥር ይሆን" ብላችሁ ከኋላ ወንበር የያዛችሁ የወረዳ ሰዎች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ይህ ይጨመርበት፣ ያ ይቀነስለት አልልም፤ ለዚያ ብዙ ዶክተሮች አሉን። እኔ የመጣሁት ስለ ጠመኔ ላወራችሁ ነው። ስለተሰበረ መስኮት፣ ስለ ሽንት ቤት በር፣ ስለሚያፈስ ቆርቆሮ፣ በሦስት እግሩ ስለቆመ ዴስክ። በመንግሥት ቢሮ ቋንቋ ይህ ሁሉ ሁለት ስም አለው። አንደኛው "ሥራ ማስኬጃ" ይባላል፣ ሁለተኛው "አነስተኛ ጥገና"። ስለነዚህ ሁለት ነገሮች በቴሌቪዥን ዜና ሲነገር የሰማ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። ሪባን አይቆረጥላቸውማ! አዲስ ሕንጻ ሲመረቅ ከንቲባ ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ እልልታ ይቀልጣል። የሽንት ቤት በር ማጠፊያው ሲለወጥ ማን ይምጣ?

ይሁን እንጂ ልጆቻችን የሚማሩት ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በወር አበባዋ ሰሞን ቤት የምትውለው ሽንት ቤቱ በር ስለሌለው፣ ውሃም ስለሌለው ነው። መምህሩ ፈተናውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ "ገልብጡ!" የሚለው ማባዣ ወረቀትና ቀለም ስላጣ ነው፤ ከአርባ ደቂቃው አሥራ አምስቱ በግልበጣ ያልቃል። ዝናብ ሲመጣ ግራ ረድፍ ያሉት ልጆች ቀኝ ረድፍ ይደረባሉ። ይሄ ነገር ትንሽ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ከልጃችሁ ጋር ገብታችሁ እዚያ ዴስክ ላይ ዋሉ።

እስቲ ገንዘቡ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አብረን እንከተለው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል። ክልሎች ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ያወርዳሉ። ወረዳው ከዚያ ጥቅል ውስጥ የመምህሩንም፣ የጤና ባለሙያውንም፣ የግብርና ሠራተኛውንም ደመወዝ ይከፍላል። መንግሥት ቤት የሠራችሁ የሂሳብ መደቡን ታውቁታላችሁ፤ 6100 ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፣ 6200 ዕቃና አገልግሎት፣ 6300 ቋሚ ንብረትና ግንባታ ነው። 6244 የሚባለው ኮድ የሕንጻና የቤት ዕቃ ጥገና ነው። የኛ ቆርቆሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ካለ!

የወረዳ ካቢኔ በጀት ሊያከፋፍል ሲቀመጥ ቀድሞ የሚነሳው ደመወዝ ነው። መነሳትም አለበት። የመምህር ደመወዝ ዛሬ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለአስቤዛ የማይተርፍ መሆኑን እዚህ የተቀመጡት መምህራን ከኔ የተሻለ ይናገሩታል፤ እኔ ከነሱ ላይ ይቀነስ የምል ሰው አይደለሁም። ችግሩ ከደመወዝ በኋላ ነው። ለትምህርት ከሚመደበው የወረዳ በጀት አብዛኛውን ደመወዝ ወስዶት የሚቀረውን ፍርፋሪ ትምህርቱም፣ ጤናውም፣ ውሃውም፣ የመኪናው ነዳጅም፣ የውሎ አበሉም ይሻሙበታል። በዚህ ሽሚያ ማን እንደሚያሸንፍ ልንገራችሁ? ጠመኔ አፍ የለውም። ነዳጅ ግን አፍ አለው፤ ያውም ካቢኔው ውስጥ ወንበር ያለው አፍ!

ሕጉ ምን ይላል ብትሉ፣ ሕጉማ ያማረ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ መሄድ እንዳለበት ግዴታ አስቀምጧል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነጻ ይሁን ብሎ ነበር። "ነጻ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ስሙኒዋ ልምጣ። በ2001 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ፕሮግራም ተጀመረ። ሙሉ ስሙ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ነው፤ መምህራኑ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ "ጌኪፕ" ይሉታል። ገንዘቡን ያዋጡት የዓለም ባንክ፣ እንግሊዝ፣ ፊንላንድ፣ ጣልያንና ሌሎችም ናቸው፤ መንግሥትም የራሱ ድርሻ ነበረበት። ፕሮግራሙ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ "የትምህርት ቤት ድጎማ" የሚባለው ነው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ በቀጥታ ለት/ቤቱ የሚደርስ ገንዘብ ነበር። ስሌቱም ይህን ይመስላል፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ አንድ ተማሪ በዓመት 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55 ብር፣ 9ኛና 10ኛ 60 ብር፣ 11ኛና 12ኛ 70 ብር።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ተቃዋሚ ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ብቻ መንግሥት የሠራውን ሁሉ ጥቁር ልቀባው አልፈልግም። ገንዘቡ ለደመወዝ አይውልም፣ ለትልቅ ግንባታም አይውልም። መጽሐፍ መግዣ፣ ጠመኔ መግዣ፣ ሰሌዳ ማስቀቢያ፣ ዴስክ ማስጠገኛ፣ ሽንት ቤት ማደሻ ነው። የሚወሰነውም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ፣ ማለት በወተመሁ ተሳትፎ ነው። በብዙ የገጠር ት/ቤት ዳይሬክተሩና ወላጆች "ይሄ ገንዘብ የኛ ነው፣ ምን እናርግበት?" ብለው የተነጋገሩት በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ጥያቄው "ወረዳ መቼ ይሰጠን ይሆን?" ነበር።

ታዲያ እንቁጠረው። 50 ብር ለአንድ ዓመት ነው። ልጅ በዓመት 200 ቀን ያህል ይማራል። 50 ብር ለ200 ቀን ሲካፈል 25 ሳንቲም ይመጣል። ስሙኒ! ለአንድ ልጅ በቀን ስሙኒ። በዚያች ስሙኒ ውስጥ ጠመኔውም፣ ወረቀቱም፣ መጥረጊያውም፣ የመስኮቱ መስተዋትም አለ።

ስሙኒዋም ብትሆን ግን ሲደመር ሰው ያደርጋል። 500 ልጆች ከ1 እስከ 4፣ 500 ልጆች ደግሞ ከ5 እስከ 8 ያሉበትን ት/ቤት ውሰዱ። 25,000 ብርና 27,500 ብር፣ በድምሩ 52,500 ብር ይመጣል። በ2001 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ከ10 እስከ 11 ብር ግድም ስለነበረ ያ ገንዘብ አምስት ሺህ ዶላር ያህል ነው። "ዶላሩን ምን አመጣው?" እንዳትሉኝ። ቆርቆሮው በምን ይገባል? ሚስማሩስ? መስተዋቱስ? የማባዣው ቀለምስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ብርን ለገበያ ሲለቀው ዶላር ወር ሳይሞላው መቶ ብርን አለፈ። እንግዲህ ያ 52,500 ብር ያኔ በወጣው ስሌት ዛሬም ሳይነካ ቢከፈል፣ አምስት መቶ ዶላር ከትንሽ እንኳን አይሞላም። ብሩ ያው ነው፤ ጣሪያው ግን አንድ አሥረኛ ሆኗል። የአንቀጽ 41 "እየጨመረ የሚሄድ ሀብት" የምትለዋ እዚህ ላይ ትዝ ትለኛለች።

ሌላም ነገር አለ። ያ ድጎማ በአብዛኛው የቆመው በውጭ ገንዘብ ነበር፤ የዓለም ባንኩ ድርሻ ከፊሉ ብድር ነው። በሌላ አነጋገር የልጆቻችንን ጠመኔ ለመግዛት ተበድረናል። ልጆቻችን አድገው ይከፍሉታል ማለት ነው፤ የተማሩበትን ጠመኔ በዶላር! ሀገር ለመንገድ፣ ለግድብ ቢበደር ይገባኛል። መጥረጊያ ለመግዛት ዋሽንግተን ድረስ መሄድ ግን ምን የሚሉት ነገር ነው? የውጭ ገንዘብ ደግሞ ጠባዩ የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ ምዕራፍ አንድ ተባለ፣ ምዕራፍ ሁለት ተባለ፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ውጤት ታይቶ ገንዘብ የሚለቀቅበት ሌላ ዓይነት መጣ። ለጋሽ ሲለወጥ ስሌት ይለወጣል። ልጅ ግን ሁልጊዜ መስከረም ላይ ይመዘገባል፣ ቆርቆሮም ሁልጊዜ ሐምሌ ላይ ያፈሳል።

ሐምሌን ካነሳሁ አይቀር የቀን መቁጠሪያውን ነገር ልጨርሰው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከምንም በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ት/ቤት ባዶ የሚሆነው፣ ጣሪያ ላይ መውጣት የሚቻለው፣ ዴስክ ሜዳ ላይ ተደርድሮ የሚጠገነው በክረምት ነው፤ ዝናቡ ራሱ ቀዳዳው የት እንዳለ በጣቱ ይጠቁማል። በጀቱ ግን ገና ተወለደ። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል፣ ካቢኔ ይቀመጥበታል፣ ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ብዙ ጊዜ መስቀል አልፎ፣ አንዳንዴም ገና ደርሶ ነው ለት/ቤቱ "ይህን ያህል አለህ" የሚባለው። ያን ጊዜ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ጣሪያ ላይ ሰው ማውጣት አይቻልም። "ለዕረፍቱ እንተወው" ይባላል። ለዕረፍቱ ሲደርስ ደግሞ ፕሮፎርማው አላለቀም።

ፕሮፎርማ! ይህችን ጉድ ደግሞ ስሙኝ። አብዛኛው ት/ቤት የራሱ ሂሳብ ሠራተኛ የለውም። ሂሳቡ የሚሠራው ወረዳ ፋይናንስ፣ "ፑል" የሚሉት ጋ ነው። ዳይሬክተሩ አንድ የበር ቁልፍ ሊገዛ ሲነሳ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበስባል፣ የግዢ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ፑል ጋ ወረፋ ይጠብቃል። ቁልፉን የሚሸጠው የሰፈር ሱቅ ደግሞ የማሽን ደረሰኝ የለውም። ቆርቆሮውን የሚመታው አናጢ ደረሰኝ ምን እንደሆነም አያውቅ። ስለዚህ ደረሰኝ ካለው ሩቅ ከተማ ካለ ሱቅ በውድ ይገዛል፤ የትራንስፖርቱን ዳይሬክተሩ ከኪሱ ይችላል። ይሄ ሁሉ ሌብነትን ለመከላከል ነው ይባላል። መልካም። ቢሊዮን ብር የሚሰረቅባት ሀገር የጓጉንቸር ቁልፍ ግን በሦስት ፕሮፎርማ ታጥራለች!

ከዚያ ግንቦት ይመጣል። ግንቦት ላይ ሁሉም ሰው ይነቃል። "በጀት ሊመለስ ነው!" ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ ወደ ካዝና ስለሚመለስ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲለመን የነበረ ገንዘብ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይበተናል። ምን ይገዛበታል? ቶሎ የሚገዛ ነገር ነዋ! ቀለም። ፋይል። ማኅተም ማስቀመጫ። መጋረጃ ለዳይሬክተር ቢሮ። ጣሪያው እንዳፈሰሰ ቢሮው መጋረጃ የሚያወጣበትን ምስጢር የማታውቁ ብትኖሩ ምስጢሩ ይኸው ነው። ዳይሬክተሩን አትርገሙት፤ ገንዘቡ የደረሰው ጣሪያ መሥሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን "ነጻ" ወደምትለዋ ቃል እንመለስ።

ሥራ ማስኬጃው ሳይበቃ ሲቀር ት/ቤቱ አይዘጋም። ጠመኔው ከየትም ከየትም ይገዛል፤ ዘበኛው ደመወዙን ያገኛል፤ የውሃው ሂሳብ ይከፈላል። በማን? በናንተ። ስሙም "የኅብረተሰብ ተሳትፎ" ይባላል። በመመሪያው መሠረት የወላጅ መዋጮ በፈቃደኝነት ነው። ይሄን በደንብ ልብ በሉት፣ በፈቃደኝነት ነው። እኔም ልጄን ላስመዘግብ አንድ የመንግሥት ት/ቤት ሄጄ ነበር፤ ስሙን አልጠራውም፣ ከሌሎቹ የተለየ በደል ስላልሠራ። መዝገቡ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ከጠረጴዛው ጥግ ያለውን ሌላ ደብተር እያሳየችኝ፣

"ወንድሜ፣ መጀመሪያ የልማቱን እዚያ ጋ ይጨርሱ" አለችኝ።

"ግዴታ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ኧረ በፈቃደኝነት ነው።"

"ፈቃደኛ ባልሆንስ?"

ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ "እስካሁን ፈቃደኛ ያልሆነ ወላጅ አላጋጠመንም" አለች። አልቀለደችም። ከኋላዬ ነጠላዋን ያጣፋች እናት ብሩን በእጇ ጨብጣ ቆማለች፤ ቆጥራ ቆጥራ ስታበቃ መልሳ ትቆጥራለች። እኔ ከፈልኩ። የተሰጠኝ ወረቀት የመንግሥት ደረሰኝ ሳይሆን ማኅተም ያለባት ብጣሽ ነበረች።

እኔን የከነከነኝ የብሩ መጠን አይደለም። ይህ መዋጮ የሚያመጣው ነገር ነው። ወላጁ ነጋዴ በሆነበት ሰፈር ያለ ት/ቤት ባንድ ስብሰባ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይገዛል፣ ጣሪያ ያስቀይራል። ወላጁ የቀን ሠራተኛ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ተፈናቃይ በሆነበት ሰፈር ያለው ት/ቤት ደግሞ ለጠመኔ ይለምናል። ሁለቱም የመንግሥት ት/ቤት ናቸው፣ ሁለቱም "ነጻ" ናቸው። መንግሥት ለሥራ ማስኬጃ የሚሰጠው ገንዘብ ባነሰ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው የወላጅ ኪስ ይሆናል። ገጠር ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ ወላጅ ብር ሲያጣ እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ ዳስ ጥሎ ነው ልጁን የሚያስተምረው።

ሕዝብ ለት/ቤት ማዋጣቱ አዲስ ነገር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በ1940 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የግል ት/ቤቶችን ሲወርስ "የሕዝብ ት/ቤት" ተብለው ወላጅ ክፍያ እየከፈለ በኮሚቴ ይተዳደሩ ነበር። ልዩነቱ ምንድነው? የዚያን ጊዜው ግብር ስሙ ግብር ነበር፤ የሕዝብ ት/ቤቱ ክፍያም ስሙ ክፍያ ነበር። የዛሬው ሰው ግብሩን ከፍሎ፣ ቫቱን ከፍሎ፣ ከዚያ ደግሞ "ነጻ" ለተባለው ስም የለሽ ገንዘብ ይከፍላል። የማያውቀውን ነገር ደግሞ ማን ይቆጣጠረዋል?

መቼም መንግሥት ችግሩን አያውቅም አይባልም። ትምህርት ሚኒስቴር ት/ቤቶችን ከ1 እስከ 4 በደረጃ የሚመዝንበት የኢንስፔክሽን ሥራ አለው፤ አብዛኞቹ ት/ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸውን በገዛ አፉ ተናግሯል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሀገር በሙሉ ራሱን ይዞ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ታዲያ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ምንድነው? "ትምህርት ለትውልድ" የሚባል ንቅናቄ። ሕዝቡ፣ ባለሀብቱ፣ ዳያስፖራው በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት አዋጥቶ ት/ቤቶችን ያድስ ተባለ።

ያዋጣውን ሕዝብ አመሰግነዋለሁ፤ የተሠራውም ክፍል የልጆቻችን ነው። ግን ንቅናቄ አንድ ጊዜ ይነቃነቅና ይተኛል። ጠመኔ በየቀኑ ያልቃል። ባለሀብቱ ባማረ ሥነ ሥርዓት ብሎክ ይሠራና ስሙን ጽፎ ይሄዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ የዚያ ብሎክ ቦይ ሲቀደድ ማን ነው የሚደፍነው? አጥር በመዋጮ ይሠራል፤ የዘበኛው የየወሩ ደመወዝስ? ያልተጠገነ አዲስ ሕንጻ በሌላ አዲስ መዋጮ የሚተካ አሮጌ ሕንጻ ነው የሚሆነው። በጦርነቱ የወደሙት የትግራይ፣ የአማራና የአፋር ት/ቤቶች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ጥገና ሳይሆን መልሶ ግንባታ ነውና ከዚህ ጋር አላደባልቀውም።

አዲስ አበባን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆናል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው የመንግሥት ት/ቤቶች ልጆች በከተማው በጀት ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ ደብተርና ዩኒፎርምም ተሰጥቷል። ባዶ ሆዱን የሚመጣ ልጅ ስንቱን እንደጣለው መምህራን ያውቃሉ፤ ይህ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ምግብ ሲበሰል ውሃ ይፈልጋል፣ ማገዶ ይፈልጋል፣ የሚታጠብ እጅ ይፈልጋል፤ ያም ዞሮ ዞሮ ሥራ ማስኬጃ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት መጥቶ አንዳንድ ት/ቤት ከውጭ ሲታይ አጥሩ ቀለም ተቀብቷል፣ ከፊቱ መብራት ተደርድሯል። ከአጥሩ ወዲህ ግባና ሽንት ቤቱን ጠይቅ! ኢሕአዴግ በ2009 ዓ.ም. "ጥልቅ ተሐድሶ" ሲል ቀዳዳው አልታደሰም፤ ብልጽግና ሲመጣም ቀዳዳው አልበለጸገም፣ ሰፋ እንጂ።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው "ተው ባክህ፣ ገንዘቡ ቢሰጣቸውስ ዳይሬክተሮቹ ይበሉት የለም ወይ?" አለኝ። የሚበላ ይኖራል፤ የለም ብዬ አልምልላችሁም። ነገር ግን የዚህች ትንሽ ገንዘብ ደግነቷ ከሩቅ የምትታይ መሆኗ ነው። መቶ ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የት እንደገባ እኔና እናንተ ልናውቅ አንችልም፤ የ3ኛ ለ መስኮት መስተዋት ገባ ወይስ አልገባም የሚለውን ግን የሰባት ዓመት ልጅ ማታ ቤት መጥቶ ይነግረናል። ከዚህ የተሻለ ኦዲተር ከየት ይመጣል?

ይህ ደግሞ የሕልም እንጀራ አይደለም፤ ተሞክሯል። ከ1997 ምርጫ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቁመው በ1998 ዓ.ም. ገንዘቡን "የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ" በተባለ ፕሮግራም ሲያወርዱ፣ የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሕዝብ እንዲያየው ይደረግ ነበር። በብዙ ወረዳ ያ ሰሌዳ ዝናብ በላው፤ የተጻፈበት ዓመት ሳይለወጥ ደበዘዘ። የለጠፉት ፈረንጅ ስላዘዛቸው ነበር። ፈረንጁ ሲሄድ ልማዱ አብሮ ሄደ። እኛ ወላጆች ብንጠይቀው ኖሮ ግን ማን ያወርደው ነበር?

ስለዚህ ከናንተ የምለምነው ሰልፍ ውጡ አይደለም፤ ፓርቲ ግቡም አይደለም። መስከረም ላይ የወላጆች ስብሰባ ይጠራል። ዳይሬክተሩ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ፀጉር ቁርጥ ይናገራል፣ ከዚያ መዋጮ ይነሳል። መዋጮው ከመነሳቱ በፊት አንዳችሁ ተነሱና በጨዋ አፍ "ይቅርታ አቶ ዳይሬክተር፣ ወረዳው ዘንድሮ ለዚህ ት/ቤት ለሥራ ማስኬጃና ለጥገና ስንት ብር መደበ? በየትኛው ወር ደረሰ? ያምናው በምን ላይ ዋለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው ዳይሬክተር ይህን በመጠየቃችሁ ይደሰታል ብዬ እገምታለሁ፤ እሱ ወረዳውን ብቻውን ሲጠይቅ ኖሯል፣ ከኋላው ሦስት መቶ ወላጅ ቢቆም አይጠላም። መልሱ በአንድ ገጽ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። የምናዋጣውም ብር ከሥሩ ይጻፍ፤ በደረሰኝ።

ከወረዳ ለመጣችሁት ደግሞ፣ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። የጥገናውን ገንዘብ ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ በሐምሌ ልቀቁት። በዓመቱ መጨረሻ የተረፈችውን ጥቂት ብር ለዚያው ት/ቤት አስቀሩለት፤ ግንቦት ላይ መጋረጃ አይግዛባት። የአንድ ተማሪ ሥራ ማስኬጃ ሲሰላ ደግሞ የዘንድሮ ቆርቆሮ ስንት እንደሆነ መርካቶ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለዚህ ለመጨረሻው ሥልጣን የለንም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሥልጣን ያለውን ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር ጻፉልን፤ እኛው እንሄዳለን።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የወረዳ ሰዎች ቅድሚያ አላቸው።